ባሕሩን ቤት ውስጥ አትድገሙት፦ የባሕር ዳርቻ ማረፊያ ቤትን የማሰናዳት መመሪያ

የባሕር ዳርቻ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያው አንድ ነገር ነው። ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለው ትራስ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መልሕቅ፣ በብርጭቆ የታጨቀ ዛጎል፣ መደርደሪያ ላይ የተጎለተች ትንሽ ጀልባ። ባሕሩ ግን መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ያብረቀርቃል፣ በየሰዓቱ ቀለሙን ይቀይራል። ይህ ሁሉ ደጅ እያለ በፕላስቲክና በጨርቅ ቤት ውስጥ መድገሙ ምን ይረባል?

ማረፊያ ቤት ዓይንም ጆሮም የሚያርፍበት ቦታ መሆን አለበት። ሌላም ነገር አለ፤ ጨው። በፎቶ ያማረ ዕቃ ሁሉ የባሕር አየር አይችልም። በስድስት ወሩ የሚዝግ መብራትና የሚሻግት ምንጣፍ የገዛ ሰው ለዕረፍት ሄዶ ሲጠግን ነው የሚውለው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከባሕሩ ጋር ይፎካከራል ወይ? ጨው ሲነካውስ ምን ይሆናል?

1. መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ ተቀመጡ

ባዶው ቤት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን አሳልፉ። ፍራሽና ሁለት ወንበር ይበቃል። የቤቱን ፕላን በወረቀት ላይ በእጃችሁ ንደፉና ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ የምታዩትን ጻፉበት። ፀሐይ በየት ትገባለች? ከውሃው የሚነሣው ነጸብራቅ የት ያርፋል? ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ብርሃን ከውሃ ላይ ነጥሮ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ ኮርኒስ ላይ ሲደንስ ታገኙታላችሁ። ያንን ኮርኒስ በሚያብረቀርቅ ቀለም ብትቀቡት ሲያወናብዳችሁ ይውላል።

ነፋሱንም መዝግቡ። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በእሱ ፈንታ ቀዝቃዛ አየር ከባሕሩ ይገባል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ስለዚህ ቀን ሳሎኑን የሚያቀዘቅዘው መስኮት ሌሊት መኝታ ቤቱን ላያቀዘቅዝ ይችላል። አየር እንዲዘዋወር በሁለት ተቃራኒ ግድግዳ ላይ መክፈቻ ያስፈልጋል። በዚያ መሐል ቁም ሳጥን ካቆማችሁ መንገዱን ዘጋችሁት ማለት ነው።

በመጨረሻ እናንተ ራሳችሁ ሳታስቡት ወንበሩን ስባችሁ የት እንደተቀመጣችሁ ምልክት አድርጉ። ዋናው መቀመጫ እዚያ ነው የሚሆነው። ሶፋውን ግድግዳ ፈልጎ መለጠፍ አያስፈልግም።

2. ቀለሙን ከደጅ ልቀሙ

ይህን ደረጃ በጣም ነው የምወደው። አንድ ሰፊ ትሪ ያዙና ከቤቱ 100 ሜትር ያህል ዙሩ። ደረቅ አሸዋ፣ እርጥብ አሸዋ፣ ሁለት ሦስት ጠጠር፣ የደረቀ ሣር፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ባሕር የተፋው እንጨት ስብስቡ። ብዙ አገር ውስጥ አሸዋ፣ ዛጎልና ኮራል ከዳርቻ ማንሣት ክልክል ነው። እንዲያ ከሆነ ነገሩን እዚያው በቦታው ከቀለም ናሙና ካርድ ጋር አስተያዩት። በተፈቀደበትም ቢሆን ሥራችሁን ስትጨርሱ መልሱት። ውስጡ ነፍስ ያለበትን ዛጎል ደግሞ ከናካቴው አትንኩት።

ትሪውን ባዶው ክፍል ወለል ላይ አስቀምጡና ጠብቁ። ውሃ ዳር ስታነሡት ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ጠጠር ሲደርቅ አመድማ ይሆናል። እርጥቡ አሸዋ ቡናማ ነበር፤ አሁን የብስኩት ፍርፋሪ ይመስላል። ግድግዳችሁ ላይ የሚሄደው ይህ የደረቀው ቀለም ነው። እርጥቡ ለትንንሽ ነገር ይሁን፤ ለአንድ ትራስ፣ ለአንድ የሸክላ ማስቀመጫ።

ትሪውን ደጋግማችሁ እዩት። ሰማያዊ የታለ? የለም ማለት ይቻላል። አመድማ፣ ገለባማ፣ ግራጫ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ ነው የሞላበት። ሰማያዊው ያለው ከመስኮቱ ውጭ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተቀጥቼ ነው። አንዴ የባሕር ዳር መኝታ ቤት ውሃ ሰማያዊ ቀባሁ። ካርዱ ላይ ልስልስ ያለ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ቀለም ነበር። አራቱ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ በዚያ ላይ የባሕሩ ነጸብራቅ ሲጨመርበት፣ ክፍሉ የመርፌ መውጊያ ክፍል መሰለ። መስኮቱ ላይ ያለው እውነተኛው ባሕር ደግሞ በአጠገቡ የደበዘዘ ሆነ። በሳምንቱ በደረቅ አሸዋ ቀለም ደግሜ ቀባሁት፤ ባሕሩ ተመለሰ።

ለመጠን ያህል ዲዛይነሮች የሚጠቀሙበት የ60፣ 30፣ 10 ልማድ አይከፋም። ከመቶ ስድሳው እጅ ግድግዳና ትልልቁ ነገር፣ ሠላሳው እንጨትና ጨርቅ፣ አሥሩ ጠቆር ያለው ነገር ነው። ጠቆር ያለውን አትዝለሉት። ሁሉም ነገር ገርጣ ያለ ከሆነ ዓይን የሚይዘው ያጣል፤ ክፍሉም ያላለቀ ይመስላል።

ናሙና ስትሞክሩ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አትቀቡ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ወይም ካርቶን ሁለት እጅ ቀቡና ከግድግዳ ግድግዳ እያዘዋወራችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት። ጥርት ያለ ነጭ ከውሃ ነጸብራቅ ጋር ሲገጥም ዓይን ያስጨፍናል፤ ትንሽ የአፈር ወይም የአመድ ቀለም ጠብ ያለበት ነጭ ይሻላል። የቀለም ካርድ ጀርባ ላይ የብርሃን መመለሻ ቁጥር ካለ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ማለት ነው። እኔ ለባሕር ዳር ሳሎን ከ60 እስከ 75 ባለው መሐል እመርጣለሁ።

3. ግድግዳና ወለል

ከቻላችሁ የኖራ ልስን ወይም የኖራ ቀለም ተጠቀሙ። ኖራ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። አልካላይን ስለሆነ ሻጋታ አይወደውም። ፊቱም ደመና ደመና ያለው ስለሆነ ብርሃን ያርፍበታል። ግን የሚመጥ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ለእሱ የተሠራ መሠረት ቀለም ካልቀደመው ይላጣል። ቀጭን አድርጎ፣ በሰፊ ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት እጅ ነው የሚቀባው። ሲቀባ የጠቆረ ይመስላል፤ ሲደርቅ በደንብ ይነጣል። የመጀመሪያ ቀን አትደንግጡ።

ወለል ላይ ጠላታችሁ አሸዋ ነው። አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በእግር ሥር እየተፈጨ ማንኛውንም የሚያብረቀርቅ ፊት ይቧጭራል። ስለዚህ ያልተወለወለ ድንጋይ፣ የማያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ወይም በዘይት የታሸ እንጨት። ቫርኒሽ የተቀባ ወለል ሲቧጨር ብዙ ጊዜ ሙሉውን መፋቅ ያስፈልጋል። በዘይት የታሸው ግን የተጎዳውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ ዘይት መጨመር ይበቃዋል።

እንጨቱን ባመጣችሁበት ቀን አታስገጥሙት። ማሸጊያውን ከፍታችሁ በዚያው ክፍል ውስጥ ቀናት አስቀምጡት፤ አየሩን ይልመድ። ዙሪያውን ከግድግዳ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት፤ እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ መሄጃ ካጣ ደግሞ ይነሣል። ቺፑድና ተራ ኤምዲኤፍ ባሕር ዳር አይመከርም። ጠርዛቸው ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም።

4. ብረት ላይ አትሰስቱ

አንድ ነጭ የመታጠቢያ ቤት በር ነበር። ያስገጠምኩት ባለሙያ "የማይዝግ ነው" ብሎኝ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ከላይኛው ማጠፊያ ሥር ቡናማ ውሃ እንደ እንባ ወርዶ በሩን ሸነተረው። ጠረግሁት፤ ተመለሰ። ቀባሁት፤ በቀለሙ ውስጥ ወጣ። በመጨረሻ ማጠፊያው ሲፈታ ብሎኖቹ ተራ ብረት ሆነው ተገኙ፤ የማይዝገው ማጠፊያው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስትገዙ "ስቴንለስ ነው" የሚለውን ብቻ አትቀበሉ። ቁጥሩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 304 ነው፤ ለውስጥ አገር ጥሩ ነው። ለባሕር ዳር የሚፈለገው 316 ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስላለበት ጨው ቶሎ አይበላውም። ማግኔት ይዞ መሞከር አይጠቅማችሁም። ሁለቱም እምብዛም በማግኔት አይሳቡም፤ ማግኔት አይለያቸውም። የሚለያቸው የፋብሪካው ጽሑፍ ነው።

ብሎኑም ማጠፊያውም እጀታውም ከአንድ ዓይነት ብረት ይሁን። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ እርጥበት ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የአሉሚኒየም መስኮት ላይ ሌላ ብረት ማሰር ግድ ከሆነ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቀለበት አስገቡ።

ናስና ነሐስ ጥሩ አማራጭ ናቸው። ይጠቁራሉ፣ ቦታ ቦታ አረንጓዴ ያወጣሉ፣ ግን እንደ ብረት እየተፈረፈሩ አይልቁም። እንዲያውም ያረጀ ናስ ከደረቅ አሸዋ ቀለም ጋር ሲታይ ልብ ይገዛል። ማብረቅረቅ አለበት የምትሉ ከሆነ ግን ሲወለውሉ መዋል ነው።

5. መስኮቱን አክብሩ

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን አነጻጸረ። የአንዳንዶቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የሌሎቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተአምር አይጠበቅበትም። ግን መስኮት አጠገብ የሚቀመጠውን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳስብበት አድርጎኛል።

መስኮቱ ፊት የሚቀመጥ ዕቃ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጀርባው ከመስኮቱ ደፍ አይለፍ። ተቀምጣችሁ እዩት፤ ቆማችሁ የሚታየውና ተቀምጣችሁ የሚታየው አንድ አይደለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ጌጥ አትደርድሩ።

ትልቅ የመስታወት ግድግዳ ከሌላችሁ ደግሞ አትዘኑ። ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ በፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሮክብሩን ካፕ ማርታን ላይ ለራሱ የሠራት የእንጨት ጎጆ እያንዳንዱ ጎኗ 3.66 ሜትር ብቻ ነው። መስኮቶቿም ትንንሽ ናቸው። ትንሽ መስኮት ባሕሩን ቆርጦ እንደ ሥዕል ይሰጣችኋል፤ ሙሉ መስታወት ደግሞ ሙቀቱንና ነጸብራቁን አብሮ ያመጣል።

መጋረጃው በሁለት ድርብ ይሁን። ስስ ሊነን ወይም ጥጥ ለቀኑ፣ ወፈር ያለ ለሌሊቱ። ዘንጉን ከመስኮቱ ክፈፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በግራም በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ስቀሉት። ያኔ ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ባሕሩን አይሸፍንም። የጨርቁ ስፋት የዘንጉን ርዝመት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን፤ ካነሰ አንሶላ የተሰቀለ ይመስላል። ከወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ እየተጎተተ አሸዋና እርጥበት እንዳይለቅም። ሐር አትሞክሩ፤ ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች።

6. ዕቃና ጨርቅ

ባዶ ቦታ አትፍሩ። ሰው የሚያልፍበት መንገድ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ከሶፋው እስከ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል በቂ ነው። ሌላው ይቅር። ሦስት ጥሩ ዕቃ ከዘጠኝ መናኛ ይበልጣል።

ቀለሙን ካረጋጋችሁ በኋላ ክፍሉ እንዳይሰለች የሚያደርገው ሲዳሰስ ያለው ልዩነት ነው። ሻካራ ሱፍ ከለስላሳ ጥጥ፣ ጎርበጥ ያለ እንጨት ከድንጋይ፣ የተጠለፈ ራታን (ቅርጫትና ወንበር የሚሠራበት ሐረግ) ከልሙጥ ግድግዳ። ራታን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ይሻለዋል።

ምንጣፍ ላይ ጥንቃቄ። የጁት ምንጣፍ በየፎቶው ታያላችሁ፤ ባሕር ዳር ግን እርጥበት ጠጥቶ ይሻግታል። ቃጫም ውሃ ሲፈስበት እድፍ ይይዛል። በር አካባቢና መታጠቢያ ቤት የሚታጠብ ስስ የጥጥ ምንጣፍ አድርጉ፤ ሱፉን ለሳሎን ተዉት። የሶፋውና የትራሱ ልብስ ሁሉ ዚፕ ያለው፣ የሚወልቅ ይሁን። ይህ ለድርድር አይቀርብም። እርጥብ ዋና ልብስ ለብሶ የሚቀመጥ እንግዳ ሁሌም አለ።

አንድ ሙከራ። ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ ተመልሶ ከጮኸ ድንጋይና መስታወት በዝቷል፤ ማዕበሉም ማታ እንደዚያው ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሽመና ጨምሩና ደግማችሁ አጨብጭቡ።

7. የማታ ብርሃን

አምፖል ስትገዙ 2700 ኬልቪን የሚለውን ፈልጉ፤ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው። ቀለም የማሳየት መጠኑ (CRI) ከ100 ውስጥ 90 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን እንጨቱም ሱፉም የራሱን መልክ ይይዛል። ኮርኒስ ላይ አንድ ኃይለኛ መብራት ከማድረግ ሦስት አራት ዝቅ ያሉ መብራቶች በየጥጉ አድርጉ።

ምሽት ላይ የመስኮቱ መስታወት ፊት ማያ ይሆናል። መብራት በርቶ ደጁን ስታዩ የምታዩት ራሳችሁን ነው። መብራቱ ዝቅ ካለና ሽፋን ካለው፣ ከመስኮቱም ከራቀ፣ የጨረቃ ብርሃን ውሃው ላይ ሲያርፍ ተቀምጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዳርቻው የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ከሆነ ደግሞ በወቅቱ ወደ ባሕር የሚያይ መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ። የተፈለፈሉት ግልገሎች ወደ ብርሃን ስለሚሄዱ በባሕሩ ፈንታ ወደ እናንተ ቤት ይመጣሉ።

8. መግቢያው

እዚህ ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ከበሩ ውጭ የእግር መታጠቢያ ቧንቧ፣ አንድ ሻካራ ምንጣፍ ውጭ፣ አንድ ውስጥ፣ የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ የፎጣ መስቀያ። አሸዋው እዚያ ከቀረ የወለሉ ግማሽ ችግር ቀረ።

9. ከተፈጥሮ ጥቂት፣ ግን ትልቅ

ሃያ ትንንሽ ዛጎል አቧራ ሰብሳቢ ነው። አንድ ትልቅ እንጨት ግን ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ሲተኛ ክፍሉን ይይዛል። ባሕር የተፋውን እንጨት እንዳለ አታስገቡት። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ውስጡም ነፍሳት ሊኖር ይችላል። አሸዋውን በብሩሽ አራግፉ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፣ ከዚያ ጥላ ላይ እስኪደርቅ ተዉት። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ያ ግራጫ መልኩ ነው ውበቱ።

ለተክል እሬትና ሳንሰቪየሪያ ለረሳ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ሳምንታት ያለ ውሃ ይቆያሉ። ከባሕር በኩል ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ራቅ አድርጓቸው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካያችሁ ጨው ነው፤ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት።

10. ቤቱን ዘግታችሁ ስትሄዱ

ማረፊያ ቤት የሚጎዳው ሰው ሲኖርበት ሳይሆን ተዘግቶ ሲቀመጥ ነው። አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመጣል፤ ከዚያ በታች ለማድረግ አየር ማስወጫ ወይም የእርጥበት መሳቢያ ማሽን ያስፈልጋል።

ከመውጣታችሁ በፊት እጀታውን፣ ማጠፊያውንና የመብራቱን ብረት በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። መስታወቱንም እጠቡ፤ ጨው ሲከርም ይነክሰዋል። የቁም ሳጥኑንና የመሳቢያውን በር ሁሉ ክፍት ተዉት። ፍራሹን ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ በጎኑ አቁሙት። ትራሶቹን ከሶፋው ላይ አንሥታችሁ እንዳይደራረቡ ዘርጓቸው። ውጭ ያለውን የእግር መታጠቢያ ቧንቧም ዝጉት፤ እኔ አንዴ ረስቼው ሄጄ ስመለስ የበረንዳው ምንጣፍ ሣር አብቅሎ ጠበቀኝ።